መኪና አጣቢ ሆነህ ትቀራለህ ያልኩት ልጅ



ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ሻይ ቢጤ ያዝ አድርጋችሁ አንብቡት። የማወራችሁ ስለ መኪና ቀለም ነው። «ቲቸር ደግሞ ከመቼ ወዲህ መኪና?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፣ በኔ ደመወዝ መኪና አይገዛም። ግን የአባዬን ቮልስ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ዝናብ የጣለ ቀን ትምህርት ቤት በር ድረስ የምታደርሰኝ፣ ገና ሳትታይ በድምጿ የምትታወቀው ሰማያዊዋ።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው የራሱን የገዛው። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1972 ስሪት ናት። ይህቺ የቮልስ ዓይነት በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ፣ የመጨረሻዋ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች። አባዬ ያንን ወሬ ከሰማ በኋላ «ከእንግዲህ አይሠሯትም፤ ያለችንን መጠበቅ ነው» ይል ነበር። ይጠብቃትም ነበር። እሁድ እሁድ ግን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ ዛፍ ጥላ ስር ያቆማትና ዓሣ ልንበላ እንሄዳለን። ያ ዛፍ ላይ ማን እንደሚያድር የሐዋሳ ልጆች ታውቃላችሁ። አባ ኮዳ! የዓሣ አንጀት ሲውጥ የዋለ አባ ኮዳ ከላይ ሲለቅባችሁ ቀልድ አይደለም።

አባዬ ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። ቮልሷ ግቢያችን ውስጥ፣ አቮካዶው ስር ፕላስቲክ ለብሳ ቆመች። እማዬ ጠዋት ጠዋት ቡናዋን ጠጥታ ስትጨርስ ፕላስቲኩን ገለጥ ታደርግና በአባዬ አሮጌ ሸሚዝ አቧራዋን ትጠርጋታለች። በየቀኑ። እኔም «ይሁን፣ ደስ ካላት» ብዬ ዝም አልኩ።

አምና በጋ ላይ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። «ቆማ ከምትበሰብስ እንሽጣት» አለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። አንድ ገዢ መጣና ዞሮ ዞሮ አያት። በመጨረሻ ጣቱን ኮፈኗ ላይ አሸት አድርጎ አሳየኝ፤ ጣቱ ልክ ጠመኔ እንደነካ ሰው ነጭ ዱቄት ይዟል። «ቀለሟ ሞቷል ጋሼ፤ ሙሉ ቀለም ነው የምትፈልገው» ብሎ የጠራው ዋጋ ሳቅም ለቅሶም የሚያመጣ ነበር። እማዬ በረንዳ ላይ ሆና ሰማችው።

በማግስቱ ቅዳሜ እኔ ራሴ ላጥባት ተነሳሁ። አሁን የምነግራችሁን ተማሪዎቼ አትሳቁብኝ። በአንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ ኦሞ በጠበጥኩ። ጣራዋና ኮፈኗ ላይ ደርቆ የቀረው የአባ ኮዳ ምልክት አልለቅ ሲለኝ ጊዜ ከኩሽና የድስት መፈተጊያ አምጥቼ፣ በዚያ ሻካራ አረንጓዴ ጎኑ ፈተግኩት። በጠራራ ፀሐይ! ውሃው ሲደርቅ ኮፈኗ ላይ መዳፍ የሚያህል የደበዘዘ ጠባሳ ብቅ አለ። ምልክቱም አለቀቀም።

ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ እኮ። ስለ አሲድና ቤዝ በየዓመቱ ለዘጠነኛ ክፍል ሰሌዳ እሞላለሁ።

እማዬ አየችው፤ ምንም አላለችም። ዝምታዋ ነው የከበደኝ።

ሰኞ ዕለት ከሥራ መልስ መኪናዋን ይዤ ወደ አንድ ላቫጆ ሄድኩ። ገና ሳቆም «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ቦቲ ጫማ ያደረገ ረጅም ወጣት በሁለት እጁ ሊጨብጠኝ እጁን ልብሱ ላይ እየጠረገ ይመጣል። ወዲያው ነው የለየሁት። ያስታወስኩት ግን ፊቱን ብቻ አይደለም።

ከስምንት ዓመት በፊት ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ሁልጊዜ ይተኛል። ሁለቴ፣ ሦስቴ መከርኩት። አንድ ቀን ግን ትዕግሥቴ አለቀና ዱስተሩን ጠረጴዛው ላይ ጓ! አድርጌ ቀሰቀስኩት፤ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ «ተኛ አንተ፣ ተኛ! መኪና አጣቢ ሆነህ ትቀራለህ!» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም አብሮ ሳቀ። በኋላ ከሌላ ተማሪ እንደሰማሁት፣ ልጁ ያኔም ማታ ማታ ከሥራ የገቡ ሚኒባሶችን እስከ እኩለ ሌሊት እያጠበ ነበር እናቱን የሚደግፈው። አሥረኛ ክፍል ላይ አቋረጠ። እኔ ጠርቼው አላውቅም።

እሱ ግን ይህን ሁሉ ትቶ ቮልሷን ዞሮ አያት። ጎንበስ ብሎ በፀሐዩ አንጻር ተመለከታት። «ቲቸር፣ ማን ነው በደረቁ የሚጠርጋት?» አለኝ።

«እናቴ ናት። ምነው?»

«ይዩት» ብሎ አሳየኝ። ፀሐዩ ያረፈበት ቦታ ሁሉ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፈ ቀጭን ጭረት ነው። አቧራ ማለት ደቃቅ ድንጋይ ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ ጨርቁ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። የሸሚዙ ቁልፎች ደግሞ የራሳቸውን መስመር ጨምረዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ።

«ቀለሟ ሞቷል ተብያለሁ» አልኩት።

«ከላይ ነው የሞተው። ከስር አለች» አለኝ። ከዚያ እንዲህ ሲል ተደራደረ፦ «እዚህ አይሆንም፤ ወረፋ ነው፣ አቧራ ነው። የዕረፍት ቀኔን ቤትዎ እመጣለሁ። ዕቃውን እርስዎ ይገዛሉ። እኔ አሳይዎታለሁ፣ ጉልበቱ ግን የእርስዎ ነው። እኔ ከሠራሁት ነገ ተመልሰው በኦሞ ያጥቧታል።»

ኦሞውን እንዴት እንዳወቀ አልጠየቅኩትም። ጠርዙ ላይ የደረቀው ነጭ አረፋ ሳይነግረው አልቀረም።

ትምህርት ሲዘጋ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጀመርን። እንደ ተማሪ የጻፍኩትን ማስታወሻ ነው አሁን የማካፍላችሁ።

አንደኛው ቀን እጥበት ነው። ጥላ ስር፣ ቆርቆሮው በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ሲሆን። ጎማዎቹን አስቀድመን በሌላ ጨርቅና በሌላ ባልዲ አጠብን፤ የጎማ ቆሻሻ ቀለም መንካት የለበትም። ቀጥሎ ያለ ምንም ጨርቅ ከላይ ወደ ታች በደንብ ውሃ ብቻ አፈሰስንባት፤ በራሱ የሚወርደው አቧራ ይውረድ። ከዚያ ሁለት ባልዲ፦ አንዱ የመኪና ሻምፑ ያለበት፣ አንዱ ንጹህ ውሃ። ጨርቁን ሻምፑው ውስጥ ነክሮ አንድ ክፍል ማጠብ፣ ወደ ሻምፑው ከመመለሱ በፊት በንጹሁ ውሃ ማለቅለቅ። አለበለዚያ ከመኪናዋ ያነሳነውን አሸዋ መልሰን እሷው ላይ ማሸት ነው። ከጣራ ጀምሮ ወደ ታች፣ በቀጥታ መስመር እንጂ እያዞሩ አይደለም። የታችኛው ክፍል መጨረሻ ላይ፤ ጭቃው ያለው እዚያ ነው።

«ለምን ኦሞ አይሆንም?» ብዬ ጠየቅኩት፣ መልሱን እያወቅኩ።

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩን? ቤዝ ነው። ለልብስ ቅባት ማስለቀቂያ የተሠራ ነው፤ ሰሙንም ሆነ ቀለሙ ላይ ያለውን መከላከያ ሁሉ ይዞ ይሄዳል። የመኪና ሻምፑ ፒኤቹ ወደ ሰባት የቀረበ ነው» አለኝ። ወዳጆቼ፣ ተኝቶ ነበር ያልኩት ልጅ ሰምቶኝ ኖሯል።

ውሃው ራሱ ላይ ሳይደርቅ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ማድረቅም አለ። ውሃ ሲተን በውስጡ ያለው ማዕድን አይተንም፤ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። የዝናብ ውሃ ማዕድኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ጥሩ ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ከአሸንዳው በርሜል ውስጥ የተጠራቀመ ዝናብ ነበረን። «የጳጉሜ ሦስቱ ሩፋኤል ሲዘንብ ደግሞ አጠራቅሜ አኖርላታለሁ፤ እሱ ጸበል ነው» አለች። ልጁ «በጣም ጥሩ እማማ፣ የዚያን ቀኑ ለማለቅለቂያ ይሆናል» አላት፤ አልሳቀም።

ከእጥበቱ በኋላ ጣቴን ፌስታል ውስጥ አስገብቼ ቀለሙን እንድዳብስ አዘዘኝ። በባዶ እጅ ለስላሳ የመሰለኝ ነገር በፌስታሉ ሲዳሰስ ልክ እንደ አሸዋ ይጎረብጣል። በውሃ የማይለቅ፣ ቀለሙ ላይ ተጣብቆ የቀረ ቆሻሻ ነው። ይህን የሚያነሳው ክሌይ የሚባል፣ እንደ ሊጥ የሚታሽ ነገር ነው። ሻምፑ ያለበት ውሃ እየረጩ ሳይጫኑ ማንሸራተት፣ ሲቆሽሽ አጥፎ ንጹህ ጎኑን ማውጣት። አንዴ ከእጄ አምልጦ መሬት ወደቀ። አንስቼ ላለቀልቀው ስል «ይጣሉት ቲቸር» አለኝ። ዋጋውን ሳስብ ሆዴ ባር ባር አለ። «አንድ ጠጠር ይዞ ከሆነ ሙሉ ኮፈን ያበላሽብዎታል» አለ። ጣልኩት።

ሁለተኛው ቀን ፖሊሽ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ፖሊሽ ጭረቱን አይሞላም፣ ቀለሙን ነው እጅግ ቀጭን አድርጎ የሚልገው። የመኪና ቀለም ከነ ስሩ ሲለካ ውፍረቱ ከአንድ የደብተር ወረቀት ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ወሰን አለው፤ በየወሩ የሚደረግ ነገር አይደለም። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ይበልጥ ስለሚሳሳ ወረቀት ፕላስተር ለጠፍንበት። በትንሽ ቦታ፣ በደካማው ፖሊሽ መጀመር፤ ካልበቃ ብቻ ወደ ኮምፓውንድ ማለፍ።

ለመጀመሪያ ጊዜ አሽቼ ጨርቁን ባነሳው ሰማያዊ ሆኗል። «ቀለሙ ለቀቀ!» ብዬ ጮህኩ። ልጁ ሳቀብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የአሁኖቹ መኪኖች ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባል መስታወት የመሰለ ሽፋን አላቸው። እነሱን ፖሊሽ ስታደርጉ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም መያዝ የለበትም፤ ከያዘ ክሊሩ አልቋል ማለት ነውና ወዲያው አቁሙ። የአባዬ ቮልስ ግን የድሮ ናት፣ ክሊር የላትም። ፀሐይ ያቃጠለው የላይኛው ሽፋን ነው ጠመኔ የሆነው። እሱ ሲነሳ ከስሩ ያለው ደህናው ቀለም ይወጣል። ጨርቁን ገልብጬ ጠረግ ሳደርገው ልጅ ሆኜ የማውቀው ሰማያዊ ብቅ አለ። እማዬን ጠራኋት። መጥታ አየችና «ሲገዛት እንዲህ ነበረች» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ለረጅም ሰዓት አልወጣችም።

ማሽን የለንም፤ በእጅ ነው። ሁለት ክንድ የማይሞላ ቦታ እየለዩ ሙሉ ቀን። ማታ ትከሻዬን ማንሳት አቃተኝ።

የአባ ኮዳውስ? የወፍ ኩስ ነጩ ክፍል ዩሪክ አሲድ ነው። ፀሐይ ላይ ደግሞ ቀለሙ ሞቆ ይላላል፤ ሲቀዘቅዝ የደረቀውን ኩስ እንዳቀፈ ይሸበሸባል። በዚህ ምክንያት ነው ታጥቦም ቅርጹ የሚቀረው። መድኃኒቱ ፍጥነት ነው፦ መኪና ውስጥ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃና ንጹህ ጨርቅ ይኑራችሁ፤ እርጥቡን ጨርቅ ላዩ ላይ አስተኝታችሁ ደቂቃዎች ጠብቁና ሲላላ አንሱት እንጂ አትሹት። የኛዎቹ የቆዩ ስለነበሩ አብዛኞቹ ቀለሉ፣ ጣራው ላይ ያሉት ሁለቱ ግን ቀሩ። ልቀጥል ስል ልጁ እጄን ያዘኝ። «ይብቃ ቲቸር። ከዚህ በላይ ከሄድን ቆርቆሮ ነው የምናገኘው።» የኔ የድስት መፈተጊያ ጠባሳም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ፊት ለፊት አይታይም፤ በጎን ስታዩት አለ።

ሦስተኛው ቀን ሰም ነው። ካርናውባ ይባላል፤ ብራዚል ውስጥ ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሰም ነው። በጣም ስስ አድርጎ መቀባት፣ ጉም ሲመስል በንጹህ ጨርቅ መጥረግ። ወፍራም መቀባት ጨርቅ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም። ሳምንታት፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ፋብሪካ ሠራሽ መከላከያዎች ከዚህ ይረዝማሉ፤ ሴራሚክ የሚባለው ደግሞ ዓመታት ይቆያል፣ ዋጋው ግን ለኔ ዓይነቱ አይደለም። ውሃ ስታፈሱባት እንደ ዶቃ ክብ ክብ ሆኖ ከተንከባለለ ሰሙ አለ ማለት ነው፤ ተንጣሎ ከተኛ ሰሙ አልቋል።

ሰሙን እየቀባን ሳለ ነው ሦስት ቀን ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ የቆመውን ያወጣሁት። እሱ በግራ ፓራፋንጎ፣ እኔ በቀኝ በኩል ነበርን። «አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የተናገርኩህን ታስታውሳለህ?» አልኩት።

እጁ አላቆመም። «አስታውሳለሁ።»

«ይቅርታ አድርግልኝ።»

ትንሽ ዝም አለና እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ ያሉት ነገር እኮ ልክ ነው። አጣቢ ሆንኩ። ብቻ ስድብ አድርገው ነው የተናገሩት። ያን ቀን ማታ ሥራ ገብቼ አፈርኩበት፤ ከዚያ በፊት አላፍርበትም ነበር።»

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ወዳጆቼ፣ እኔ በዲፕሎማ የማስተምር ሰው ነኝ። ስብሰባ ላይ «አንተ ዲግሪህን ጨርስና ትናገራለህ» ተብዬ የተቀመጥኩበትን ቀን እስካሁን አልረሳሁም። መናቅ እንዴት እንደሚያንገበግብ እያወቅኩ ነው ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያንን ያቀመስኩት። በሥራው እንዲያፍር ያደረግኩት እኔ ነኝ።

«ይቅርታውን ተቀብያለሁ» አለኝ ቆይቶ። «ያችን ጥግ ግን ደግመው ይጥረጉ፤ ሰም ቀርቷል።»

ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ የእማዬ ሸሚዝ። እኔ ልነግራት አልደፈርኩም። «ሁለት ዓመት ስትቧጭሪያት ነበር» ይባላል እንዴ? እሱ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠና «እማማ፣ ይሄን ሸሚዝ ለውጪው ካደረጉት ቶሎ ያልቅብዎታል። ቁልፎቹን ልፍታልዎትና ለመሪውና ለዳሽቦርዱ ይሁን፤ ጋሼ እጃቸው የነበረው እዚያ አይደል? ለውጪው ይሄን ይያዙ» ብሎ ማይክሮፋይበሩንና የሚረጨውን ጠርሙስ ሰጣት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈቶ በእጇ አስያዛት። ተስማማች። እኔ አንድም ተማሪ እንደዚህ አድርጌ ያረምኩ አይመስለኝም።

ለማስታወስ ያህል፦

- አቧራ በደረቁ አትጥረጉ።
- ናፍጣ ቀብታችሁ አታብሩ። የሚያብረቀርቀው ቅባቱ ነው፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ጎማና ላስቲክ ይጎዳል።
- የቆሸሸ መኪና ላይ ሸራ አታልብሱ፤ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ይፍቃል። ፕላስቲክ ደግሞ እርጥበት አምቆ ዝገት ይጠራል። እኛም አንስተነዋል።
- ሐይቅ ወይም ወንዝ ውስጥ አስገብታችሁ አትጠቡ። ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን።
- ላቫጆ ስትሄዱ የሚያጥብላችሁን ልጅ ስሙን ጠይቁት።

ወንድሜ ለእንቁጣጣሽ መጥቶ አያት። ዞራትና «አሁንማ ጥሩ ዋጋ ታወጣለች» አለ፤ ወዲያው ደግሞ ቁልፉን ተቀብሎኝ እማዬን ሐይቅ ዳር ወሰዳት። ዛፍ ስር እንዳታቆም ብዬ አስጠንቅቄዋለሁ። ትሸጥ አትሸጥ ገና አልወሰንንም። ቤንዚኑም መለዋወጫውም ከአቅሜ በላይ ነው፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ብትሸጥም ግን ሞታለች ተብላ አትሸጥም።

ልጁን ማታ ትምህርት ተመለስ፣ እኔ አግዝሃለሁ አልኩት። «መጀመሪያ የራሴን የፖሊሽ ማሽን ልግዛ ቲቸር፣ ከዚያ እናያለን» አለኝ። እሺ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ሌላም ለመንኩት። ጥቅምት ላይ አሲድና ቤዝ ስንጀምር ዘጠነኛ ክፍል መጥቶ የወፍ ኩስና የኦሞን ነገር እንዲያሳይልኝ። አሰበበትና አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ።

«እመጣለሁ» አለኝ፤ «እንደ ማስጠንቀቂያ ካላቀረቡኝ።»

መልካም አዲስ ዓመት፣ መልካም የትምህርት ዘመን!